በሴት ወንበር የተቀመጠው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ብልህነት በጎፈር በሚለካበት ጫካ ውስጥ፣ ቡሊት የምትባል አህያ ትኖር ነበር። ጭነት ሰልችቷት ከሰው ደጅ ያመለጠች፣ ጫካ ገብታ ትዳር የያዘች፣ አንድ ውርንጭላ የወለደች እናት ናት። ብዙ አትናገርም፤ ያየችውን ግን አትረሳም። አህያ ሞኝ ናት የሚል ካለ፣ ቡሊትን አላገኛትም ማለት ነው።

ጫካው ሸንጎ ነበረው። ሸንጎው ከትልቁ ሾላ ሥር ይሰበሰባል፤ ዘጠኝ ወንበርም አለው። ወንበር ይባል እንጂ ድንጋይ ነው። ከወንበሮቹ ፊት ለፊት ከፍ ያለ አለት አለ፤ እዚያ ላይ ሰብሳቢው አያ አንበሶ ይሰየማል። በወንበር ለመቀመጥ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎፈር ወይም ቀንድ። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሕጉን ያወጣው ጎፈር ያለው ስለሆነ ይሆናል። አጋዘን በጠምዛዛ ቀንዱ ገባ። ዝንጀሮ በትከሻው ጠጉር ገባ። ጅብም ማጅራቱ ላይ የቆመችውን ጥቂት ጠጉር አሳይቶ ገባ። ቀበሮማ ጎፈርም የለው፣ ቀንድም የለው፤ ጅራቱን ከፍ አድርጎ «ይሄ ጎፈር ነው፤ የተሳሳተው የበቀለበት ቦታ ብቻ ነው» አለና ገባ። ሁሉም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ውጣ ያለው አልነበረም።

የቡሊት ባል ዳምጤም ገብቷል። የሱ የአንገት ጠጉር ሲታይ «ጎፈር ነው» ተባለ። የቡሊት ሲታይ ግን «ይሄማ ጋማ ነው፤ ሕጋችን ጋማ አያውቅም» አሏት። ሁለቱን ጠጉር ጎን ለጎን ብታስተያዩት ቀለሙም አንድ፣ ርዝመቱም አንድ፣ አቋቋሙም አንድ ነው። ምን ይደረግ፤ ቡሊት ዝም ብላ ወደ ልጇ ተመለሰች።

ዝም ያላሰኛት የወንዙ ጉዳይ ነው። ሸንጎው አውሬው ሁሉ ውሃ የሚወርደው አመሻሽ ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ይሁን ብሎ ደንግጓል። የሸንጎው ጌቶች ቀኑን በጥላ ተኝተው ይውሉና፣ ነፋሻው ሲመጣ እየተንጎራደዱ ወርደው ጠጥተው ይመለሳሉ። ለነሱ ደስ የሚል ሰዓት ነው። ልጆቹን ከኋላ ከኋላ እያስከተሉ የሚወርዱት እናቶች ናቸው። እርግጥ ነው፣ በውሃ ዳር ጥርስ ማውጣት ክልክል ነው፤ አያ አንበሶ ራሱ ያወጀው ሕግ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ማን ጥርሱን እንዳወጣ ማን ያያል? በቅርቡ የቡሊት ውርንጭላ ግማሽ ጅራቱን ወንዝ ዳር ካለው ቄጠማ ውስጥ ጥሎ መጥቷል። ማን እንዳደረገው ቡሊት ታውቃለች። ጅብ ነው። ጮኻ፣ ተራግጣ፣ ልጇን ከአፉ ያስጣለች እሷ ራሷ ናት።

ባሏን ለሸንጎው ንገርልኝ ብላ ለመነችው። ዳምጤ እሺ አለ፣ ሄደ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተኛ። ሲመለስ «ነገሩ እየታየ ነው» አላት። በሌላ ቀንም ለመነችው፤ አሁንም እየታየ ነበር። ቡሊት አንጀቷ አረረ። ዛሬ ጅራቱን የወሰደ ነገ ልጁን ሙሉውን ይወስዳል፤ ይሄ ለማንም እናት የሚጠፋ ሂሳብ አይደለም። ስለዚህ በሸንጎው ቀን ውርንጭላዋን አስከትላ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ ከሾላው ሥር መጥታ ቆመች።

ሰዓቱ ወደ ጠዋት ይለወጥልን፣ ፀሐይ ወጥታ ሁሉም ሁሉን በሚያይበት ጊዜ እንጠጣ ብላ ጠየቀች። የልጇንም ጅራት አሳየች፣ የቆረጠው ጅብ እንደሆነም ተናገረች። ጅብ ወደ ሰማይ ያይ ጀመር። ቀበሮ ደግሞ እሾህም ጅራት ይቆርጣል፣ ልጆች ደግሞ እሾህ ውስጥ መሮጥ ይወዳሉ፣ እናት ደንግጣ ያየችው ሁሉ ማስረጃ አይሆንም እያለ በለዘበ ድምፅ አስረዳ። ቀበሮ ምሽቱን የሚወድበት የራሱ ምክንያት ነበረው። ጅብ ከቄጠማው ውስጥ ያገኘውን በልቶ የሚተርፈውን የሚለቅመው እሱ ነዋ።

ነገሩ ሊዘጋ ሲል እመት አንበሲት ከአደን ተመለሰች። የገደለችውን ቆርኬ እየጎተተች መጥታ፣ የሆነውን ጠየቀችና ሁሉን ሰማች። ከዚያ ቆርኬው ላይ ቁጢጥ ብላ ተቀመጠችበት።

«እኔ አመሻሽ ላይ አደን ስወጣ ግልገሎቼ ወንዝ የሚወርዱት ካንተ ጋር ነው» አለችው ባሏን። «አንተ ደግሞ ጠጥተህ ታንቀላፋለህ። ይህ ሸንጎ ልጅ ውሃ ሲጠጣ ቆሞ የጠበቀ አንድ እንኳ የለበትም። ከወንበሩ ሲሶው ለሴት ይሁን። እስኪሆን ድረስ ከዚህ ሥጋ ላይ አልነሳም።»

አያ አንበሶ ሥጋውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እንደገና ሥጋውን አየ። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ውይይት ያስፈልገዋል አለ።

ውይይቱ ተጧጧፈ። ዝንጀሮ ሴቶች ከገቡ ልጆቹን ማን ይይዛል ብሎ ጠየቀ። ከርከሮ ሴቶቹ ራሳቸው አልፈለጉም፣ ሚስቴን ጠይቄያት አልፈልግም ብላኛለች አለ፤ መቼ እንደጠየቃት ግን ማስታወስ አልቻለም። ጅብ ለሸንጎ አባላት የሚሰጠው የአንበሳ ትራፊ አጥንት ይቀንስ እንደሆነ ብቻ ማወቅ ፈለገ። ከሁሉም የከበደ ንግግር ያደረገው አጋዘን ነው። አጋዘን ክፉ አይደለም፤ ቀጥ ያለ፣ ለሕግ የሚሟገት፣ ራሱን ትንሽ የሚያከብር አውሬ ነው። ሴት እንደማይጠላ፣ እንዲያውም ሚስት እንዳለችው ተናገረ። ነገር ግን ሸንጎ የብቃት ቦታ ነው፣ ዛሬ በፆታ ካስገባን ነገ በጆሮ ርዝመት ሊገቡ ነው፣ በኮታ የገባችውንም ሴት ሁሉም በኮታ ገባች እያለ ይንቃታል፣ ይሄ ደግሞ ለሷም ውርደት ነው አለ።

ቡሊት ዝግ ብላ አዳመጠችው።

«ጌታው አጋዘን፣ የእርስዎን ብቃት ማን ፈተነው?» አለች።

«ቀንዴ ምስክር ነው።»

«እንግዲያው ቀንድዎ ይናገር እንጂ እርስዎ ምን ያደክመዎታል?»

ሾላው ሥር ሳቅ ሆነ። አያ አንበሶ ራሱ ጥርሱን ማሳየት ስላልፈለገ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። አጋዘን ተቆጣ እንዳትሉ፤ ማሰብ ጀመረ። ብዙ ስላልለመደው ግንባሩን አሳከከው።

ቀበሮ የአንበሳን ሆድ ሲጮህ ሰማ። ነገሩ ወዴት እንደሚያደላ ገባው። ወዲያው ብድግ አለና፣ ይህ እስከ ዛሬ መዘግየቱ ራሱ አሳፋሪ ነው፣ እኔ ድሮም ሴቶች ይግቡ እል ነበር ብሎ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አነሳ። አይ ቀበሮ! እጁን ሲያነሳ ያየ ሁሉ እሱ ያመጣው ሐሳብ ነው ብሎ ይምላል።

ተወሰነ። ከዘጠኙ ሦስቱ ለሴቶች ሆነ። ማን ይነሳ ሲባል ጎፈር እንደገና ይታይ ተባለ። ጅብ ጠጉሩ ሲቆጠር አነሰና ተነሳ። ከርከሮም ተነሳ። ዳምጤ የተነሳው ተቀስቅሶ ነው፤ እንቅልፍ የትም ይተኛል ብሎ ቅር እንኳ አላለውም። ቀበሮ ጅራቱን ሥሩ አድርጎ ተቀምጦበት ስለነበረ የሱን ማንም ሳያይ ታለፈ። በአንደኛው ወንበር እመት አንበሲት፣ በሁለተኛው ቡሊት ተመረጡ። ሦስተኛዋ ከማታ አዳኞች ወገን ትሁን፣ እነሱም ሴት አላቸው ተባለ። የምትሆነውን ሴት ፈልጎ የማምጣቱን ድካም ማን ይቀበላል ቢባል፣ ቀበሮ በትሕትና ተቀበለ። የወንዙ ሰዓትም በሚቀጥለው ሸንጎ፣ ዘጠኙም ወንበር ሲሞላ፣ በድምፅ እንዲወሰን ተቀጠረ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ቀበሮ ወደ ጅብ ዋሻ ሄደ። ጅብ ከደጁ ተጋድሞ ስለቀረበት አጥንት ያለቅስ ነበር። የምሩን ነው የሚያለቅሰው።

ቀበሮ አጠገቡ ተቀምጦ አጽናናው። ከዚያም አንድ ነገር ጠየቀው። ጅብን አይቶ ወንድ ይሁን ሴት ለይቶ የሚያውቅ አውሬ አለ ወይ አለው። ጅብ አሰበ። የለም አለ። እንዲያውም እኔ ራሴ አንዳንዴ እሳሳታለሁ አለ።

«በቃ፣ ወንበርህን አገኘህ» አለ ቀበሮ። «ከዛሬ ጀምሮ እመት ጅቢት ነህ።»

«ማን ናት እሷ?»

«አንተ ነህ።»

«እኔማ አያ ጅቦ ነኝ።»

ቀበሮ ትዕግሥቱን ሰብስቦ እንደገና አስረዳው። የመንደር ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ነፋስ የወሰደባቸውን አንድ ነጠላ ከቁጥቋጦ ላይ አግኝቶ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እሱን አከናነበው። ነጠላው ጆሮዎቹን ሸፈነለት፤ ጺም የሚመስል ጠጉር ያለበትን አገጩንም ሸፈነለት። ጅብ ኩሬ ውስጥ ራሱን ሲያይ አማረበት፣ እንዲያውም ትንሽ ሽኮርመም አለ።

ቀበሮን ያስጨነቀው ልብሱ ሳይሆን አፉ ነው። ስለዚህ አንድ ብልሃት አስተማረው። በኛ ቋንቋ «አንተ» ብለህ ከጀመርክ ወንድ ነው፣ «አንቺ» ካልክ ሴት ናት፣ «መጣ» እና «መጣች»ም ወዲያው ያስታውቃሉ። «እኔ» ግን ወንድም ሴትም አይደለም። «በላሁ» ብትል ወንድም ይበላል ሴትም ትበላለች። ስለዚህ ሸንጎ ላይ የምታወራው ስለ ራስህ ብቻ ይሁን፤ «እኔ፣ እኔ፣ እኔ» እያልክ ከዋልክ ማንም አይነቃብህም አለው። ጅብ ይሄ በጣም ቀላል ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ከድሮም ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«አንቺ ሲሉህ ደግሞ ወደ ኋላህ አትዙር» አለው ቀበሮ። «ሰዓቱን በተመለከተ ምሽቱ ይሻለኛል በል። አጥንቱን እኩል እንካፈላለን።»

ጅብ እኩል የሚለውን አልወደደውም፤ ግን ምራቁን ዋጥ አድርጎ ተስማማ።

የሸንጎው ቀን ደረሰ። ቡሊት ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር። ውርንጭላዋን ከሾላው ግንድ ኋላ አስቀምጣዋለች። ዛሬ ሰዓቱ ካልተለወጠ አመሻሽ ላይ እንደገና ይዛው ልትወርድ ነው። ውሃ ሳይጠጣ አያድር ነገር።

ቀበሮ ነጠላ የተከናነበችውን እመት ጅቢትን እየደገፈ አመጣት። በጣም ጨዋ፣ በጣም ቁጥብ ሴት ናት ብሎ አስተዋወቃት። ሁሉም ተነስተው ተቀበሏት። ቡሊትም ተነሳች፤ ቀና ስትል ከነጠላው ጫፍ ሥር ያንን አፍ አየችው። ልጇን ያስጣለችበት አፍ ነው።

ብትጮህ ምን ይጠቅማታል? ይሄ ወንድ ነው ብትል፣ ጅብ ወንድ ይሁን ሴት የሚለይ የለ። ቀበሮ ደግሞ ወዲያው፣ አያችሁ፣ ሴት የሴት ጠላት ናት፣ ገና አንድ ቀን ሳይቀመጡ ተናከሱ ብሎ ሦስቱንም ወንበር ያዘጋባቸዋል። ቡሊት ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። ማዳመጥ ያዘች።

አያ አንበሶ የወንዙን ሰዓት አነሳ። «አንቺ እመት ጅቢት፣ አዲስ እንግዳችን ነሽና ካንቺ እንጀምር» አለ። ጅብ ሴትዮዋን ፍለጋ ወደ ኋላው ዞረ። ቀበሮ እግሩን ረገጠው።

«እኔ» አለ ጅብ፣ «እኔ ምሽት እወዳለሁ። እኔ በምሽት እወርዳለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ። እኔ ምንም ሆኜ አላውቅም። እኔ ለኔ ምሽት ይሻለኛል እላለሁ።»

ቀበሮ አያችሁ አይደል የሚል ፊት አሳየ። ይቺ ራሷ ሴት የሆነች፣ ራሷ ወንዝ የምትወርድ፣ ምሽቱ ደህና ነው ካለች፣ እኛ ወንዶች ከሷ በላይ እናውቃለን ብለን ልንከራከራት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በርካታ ራሶች ተነቀነቁ።

ግን ቡሊትን አንድ ነገር ከንክኗታል። የምታውቃቸው እናቶች ሁሉ ስለ ወንዝ ሲያወሩ ወሬያቸው በሌላ ሰው የተሞላ ነው። ልጄ እንዲህ አለኝ፣ ጎረቤቴ እንዲህ ስላት እንዲህ መለሰችልኝ፣ ይላሉ። ይቺ ግን እኔ ብላ ጀምራ እኔ ብላ ጨረሰች። ልጅ የላትም? ጎረቤት የላትም? አንቺ ብሎ የጠራት አንድ እንኳ ፍጡር የለም? ቡሊት ፊቷን ፈታ አድርጋ ዞር አለች።

«እህቴ ጅቢት፣ ምሽቱ ደስ እንደሚልሽ ሰማን። እስቲ ከሁሉ ደስ ያለሽን ምሽት አውሪን።»

ጅብ ፊቱ በራ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ኖሮ አያውቅም። ቀበሮ ይሄ ከአጀንዳ ውጭ ነው፣ ጊዜ እናባክናለን ብሎ ሊያቋርጥ ቢሞክር፣ አያ አንበሶ ተቆጣው። ሴቶቹ ይናገሩ ብለን አይደለም እንዴ ያስገባናቸው፤ ተዋት፣ ታውራ አለው።

ጅብ ምን ይዞት። ከቄጠማው ውስጥ እንዴት እንደተጋደመ፣ ነፋሱ ምን ምን እየሸተተ ይመጣ እንደነበር፣ ሆዱ እንዴት ይዘፍን እንደነበር ተረከ። ሲተርክ ነጠላው ወደ ማጅራቱ እየተንሸራተተ ነበር። ከዚያም አንድ ለስላሳ፣ ገና የእናቱ ወተት አፉ ላይ ያልደረቀ ውርንጭላ ልክ አፍንጫው ሥር መጥቶ ቆመለት። ያን ጊዜ ጅራቱን ቦጨቅ አደረግኩት አለ። ምራቁ ድንጋዩ ላይ ተንጠባጠበ።

ቡሊት ከሾላው ኋላ ወዳለው ልጇ እንዳታይ ራሷን ያዘች። ድምፅዋን ለስለስ አደረገችና፣ «እናትየዋስ ዝም አለች?» ብላ ጠየቀችው።

«ኧረ ምን ዝም ትላለች» አለ ጅብ። «እየተራገጠች መጣች እንጂ። ‹አንተ ሆዳም፣ ልጄን ልቀቅ፣ ጥርስህ ይርገፍ› እያለች ጆሮዬን አደነቆረችው።»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ። አጋዘን ግንባሩን እያከከ አንገቱን ቀስ ብሎ ዘረጋ።

«አንተ ነው ያለችሽ፣ ወይስ አንቺ?» ብሎ ጠየቀ።

«አንተ ነው እንጂ» አለ ጅብ፣ በጥያቄው ተገርሞ። «እኔን እኮ በደንብ ታውቀኛለች።»

እመት አንበሲት በአንድ መዳፍ ነጠላውን ገፈፈችው። ሁሉም ያዩት አያ ጅቦን ነው። የሚስቀው ሳቀ፣ የሚቆጣው ተቆጣ። አያ አንበሶ በውሃ ዳር ጥርስ የማውጣቱ ነገር ሲገባው አለቱ ላይ ቆሞ አገሳ። ጅብ ነጠላውን ፈልጎ እንደገና ሊከናነብ ሞከረ። ቀበሮ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ከሁሉም በላይ የተታለልኩ እኔ ነኝ፣ ሴትነቱን አምኜ ነው ያመጣሁት ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ታዲያ ቀበሮ ቀበሮ ነው። እንባውን ጠረግ አድርጎ ሌላ ነገር አመጣ። እነሆ ጥፋተኛው ተያዘ፤ ምሽቱ ከዛሬ ጀምሮ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ የቆየውን ሰዓት የምንለውጥበት ምክንያት ምን ቀረ አለ። እውነት ለመናገር ንግግሩ ጥሩ ነበር። የተነቀነቁት ራሶች እንደገና ተነቀነቁ።

ሦስተኛው ወንበር ባዶ አያድርም ተብሎ የጅብ ሚስት ተጠራች። የእውነተኛዋ እመት ጅቢት መምጣት የሚሰማው ከሩቅ ነው፤ ከባሏ በአንድ እጅ ትበልጣለች። የተሠራውን ሰማች። ባሏን አንድ ጊዜ አየችው፣ ባሏም አጠረ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሄዳ ተቀመጠችና አሳቧን ጠየቋት።

ለሷ ምሽቱ ይሻላታል አለች። ውሃ ዳር ጥርስ አውጥታ አታውቅም፣ ልጆቿ ግን ቀን ይተኛሉ፣ ጠዋት ስትቀሰቅሳቸው ያለቃቅሳሉ፤ ይሄው ነው ምክንያቷ። ቡሊት ክው አለች። ሴት ሆና እንዴት አለች በሆዷ። እመት አንበሲት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለችና፣ «ወንበሩ የራሷ ነው፤ አሳቧም የራሷ ነው። አንቺ የራስሽን ተናገሪ» አለቻት።

ቡሊት ተነሳች።

«ጥፋተኛው ተያዘ ተባለ» አለች። «ማን ያዘው? እኔ ያየሁትን ስናገር እሾህ ነው አላችሁኝ። የያዘው የገዛ ምላሱ ነው። ነገ ምላሱን የሚገታ ሌላ ቢመጣስ? እኔ የምለምነው ጅብ እንዲቀጣልኝ አይደለም። ልጄ ሲጠጣ ሁላችሁም እንድታዩት ነው።»

ድምፅ ተሰጠ። ለምሽቱ አራት፣ ለጠዋቱ አራት ሆነ። ያልሰጠ አጋዘን ብቻ ነበር። ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

አጋዘን እስከ ዛሬ ስለዚህ ሰዓት ስንት ጊዜ ድምፅ እንደሰጠ ማስታወስ እንደማይችል ተናገረ። አንድም ቀን ግን የኔን ጥጃ ማን ውሃ እንደሚያወርደው ጠይቄ አላውቅም አለ። ብቃት ብቃት ስል የነበርኩት እኔ ስለዚህ ወንዝ ከማንም ያነሰ የማውቅ ነኝ አለና እግሩን ለጠዋቱ አነሳ። ሲያነሳ ጠምዛዛው ቀንዱ የሾላው ቅርንጫፍ ላይ ተሰንቅሮበት፣ እስኪላቀቅ ድረስ እንደቆመ ቀረ።

ስለ ጅብ ቅጣት ብዙ ሐሳብ ቀረበ። አያ አንበሶ ከባድ ከባዱን ሲያስብ እመት ጅቢት ፈቃድ ጠየቀች። እኔ ከእንግዲህ የሸንጎ ሥራ አለብኝ፤ ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ቀስቅሶ ውሃ የሚያወርድ ያስፈልገኛል አለች። ሸንጎው በአንድ ድምፅ ፈረደ። ቀበሮንም እንደገና ጎፈር ይታይ ሲሉት ቀድሞ ሄዷል።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጥታ ወንዙ ወለል ብሎ ሲታይ አውሬው ሁሉ ወረደ። ማዶ ላይ አያ ጅቦ ሦስት የሚያለቃቅሱ ግልገሎች አንገቱ ላይ ተንጠልጥለውበት፣ አንዱን ሲያወርድ ሌላው እየወጣበት፣ ላብ በላብ ሆኖ ይታይ ነበር። አጋዘንም ጥጃውን ይዞ መጥቶ በየትኛው በኩል እንደሚወረድ ሚስቱን ይጠይቃል።

ቡሊት ውርንጭላዋን ጥልቅ ወዳልሆነው ቦታ አመጣችው። ግማሽ ጅራቱን እያወዛወዘ፣ አፉን እስከ አፍንጫው ነክሮ ጠጣ። እሷ እንደ ልማዷ ከጎኑ ቆማ ጆሮዋን ወደ ቄጠማው አቀናች። ቄጠማው ውስጥ ምንም የለም፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይታያል። ልጇ ቀና ብሎ አያትና «እማ፣ አንቺስ ውሃ አትጠጪም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ቡሊት ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። እሱ ከተወለደ ጀምሮ እዚህ ወንዝ ዳር ስትጠብቅ እንጂ ስትጠጣ አይቷት አያውቅም። አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሆዷ እስኪሞላ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሴት የተተወ ወንበር ላይ በገዛ አፏ የምትናገር ሴት ካልተቀመጠችበት፣ ነጠላ የተከናነበ ጅብ ቀድሞ እንደሚቀመጥበት ነው።